በክሊክ የሚከፈል ማስታወቂያ ለማን ያዋጣል?

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮየ ፈጬ ስትሄዱ መንገዱ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው። አልሙኒየም፣ ጂፕሰም፣ ሴራሚክ፣ የብረት በር፣ የኪችን ካቢኔት። ኮንዶሚኒየም ሲተላለፍ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል። ስለዚህ ቤት የደረሰው ሰው ሁሉ ፊኒሺንግ የሚጨርስለት ባለሙያ ይፈልጋል። ባለሙያውም ሞልቷል። የሚቸግረው ሁለቱ መገናኘታቸው ነው። ድሮ የሚያገናኛቸው ደላላ፣ ጎረቤትና የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። አሁን ሰዉ መጀመሪያ የሚያወጣው ስልኩን ነው።

ታዲያ ወርክሾፕ ያለው ሰው ይጠይቃል፦ «ጉግል ላይ ማስታወቂያ ላስገባ? ወይስ ፌስቡክ ላይ ቡስት ላስደርግ?» ቡስት የሚባለው የለጠፋችሁት ፖስት ለብዙ ሰው እንዲታይ ለፌስቡክ መክፈል ነው። መልሱ «እንደየሥራው» ነው። ጥያቄውን የሸሸሁ ሊመስል ይችላል። ግን ሂሳቡ ከገባችሁ፣ መልሱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

መነሻው ቀላል ነው። በክሊክ የሚከፈል ማስታወቂያ ስለታየ ብቻ ገንዘብ አይቆርጥም። ሰው ሲነካው ይቆርጣል። ሺህ ሰው አይቶት አንድም ካልነካው ክፍያ የለም። አሥር ሰው አይቶት አሥሩም ከነኩት የአሥር ክሊክ ትከፍላላችሁ። ቤት የሚያከራይ ሰው ደላላውን የሚከፍለው ቤቱ ሲከራይ ሳይሆን ቤቱን ሊያይ በመጣው ሰው ቁጥር ቢሆን እንደማለት ነው። የመጣው ሰው ተከራየ አልተከራየ ደላላው ድርሻውን ይወስዳል።

ጥንካሬውም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው። ታይቶ ያልተነካው ማስታወቂያ ኪሳራ የመድረኩ፣ ማለትም ማስታወቂያውን የሚያሳየው የጉግል ወይም የመሰሉ፣ ነው። ተነክቶ ያልሸጠው ኪሳራ የናንተ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይመጣል።

ሐሳቡ ከጉግል የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ቢል ግሮስ የሚባል አሜሪካዊ ጎቱ ዶት ኮም የተባለ የፍለጋ ድረ ገጽ ከፈተ። አሠራሩ ዓይን ያወጣ ነበር። ለአንድ ቃል ብዙ ብር ያቀረበ ከላይ ይቀመጣል፣ አለቀ። ድርጅቱ በኋላ ኦቨርቹር ተባለ፤ በ2003 ያሁ ገዛው። ጉግል በ2000 ማስታወቂያ መሸጥ ሲጀምር የሚያስከፍለው በዕይታ ነበር። በ2002 ወደ ክሊክ ዞረና አንድ ነገር ጨመረበት። ብር ብቻውን ከላይ አያስቀምጥም፤ ሰው የሚነካው ማስታወቂያ ይቀድማል አለ። ይህን ያለው ለኛ አዝኖ አይደለም። ማንም የማይነካው ማስታወቂያ ለጉግልም ቤሳ አያስገባም።

ጨረታው ዛሬም በዚሁ መንፈስ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው «የኪችን ካቢኔት ዋጋ» ብሎ በፈለገ ቁጥር፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጨረታ ይካሄዳል። ቀለል አድርገን በቁጥር እንየው። ቦሌ ያለ ትልቅ የፈርኒቸር ሱቅ ለአንድ ክሊክ እስከ 20 ብር እከፍላለሁ አለ። ማስታወቂያው ግን ደረቅ ነው፣ ገጹም ቀርፋፋ ነው፤ ለጥራቱ 4 ተሰጠው። ቱሉ ዲምቱ ያለው ወርክሾፕ 10 ብር ነው ያቀረበው። ማስታወቂያው ሰው የፈለገውን ነገር በቀጥታ ስለሚመልስ 9 ተሰጠው። 20 በ4 ሲባዛ 80 ነው። 10 በ9 ሲባዛ 90 ነው። ወርክሾፑ አሸነፈ። የሚከፍለውም ያቀረበውን 10 ብር ሙሉውን አይደለም። ቦሌውን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፤ 80 ለ9 ሲካፈል፣ 9 ብር ገደማ። እውነተኛው ስሌት ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የስልኩን ዓይነት ሁሉ ያስገባል። አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ለትንሽ ነጋዴ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ቢልቦርድ ላይ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ትልቁን ድርጅት የምትበልጡበት መንገድ የለም፤ ብር ያለው ይወስደዋል። እዚህ ግን ሥራችሁን በደንብ የገለጻችሁ እንደሆነ በግማሽ ዋጋ ልትቀድሙት ትችላላችሁ። ደግሞ ዛሬ በትንሽ ብር ጀምሮ ነገ ማቆም ይቻላል። እንጨት ያለቀባችሁ ሳምንት ማስታወቂያውን ታጠፉታላችሁ። የታተመ በራሪ ወረቀት እንዲህ አይታጠፍም።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። ሰዉ «ኦንላይን ማስታወቂያ» ብሎ አንድ ላይ የሚጠራቸው ነገሮች አንድ አይደሉም።

ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰው ጉዳዩ ይዞት ነው የመጣው። ቁልፍ የተረከበ ሰው ነው፤ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው፤ ዋጋ ይጠይቃል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ያለው ሰው ግን ሊዝናና ነው የገባው። የእህቱን ልጅ ልደት ፎቶ እያየ ሳለ ካቢኔታችሁ ፊቱ ይደቀናል። ሊወደው ይችላል። ላይክም ሊያደርግ ይችላል። ቤት ግን የለውም። ስለዚህ ፌስቡክና ቲክቶክ የሚጠቅሙት ዓይን የሚስብ፣ ሰው ሳያስበው የሚፈልገው ዕቃ ላላችሁ ነው። ልብስ፣ ጌጥ፣ ኬክ። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ያለው ሰው ፌስቡክ ላይ ቡስት ቢያደርግ ማን ያየዋል? ጉድጓዱ የሞላበት ሰው ግን በዚያች ሰዓት ጉግል ላይ ነው ያለው። ያን ጊዜ ክሊኩ ምንም ቢወደድ ያዋጣል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ሜታ ላይ፣ ማለትም ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍሉት በዕይታ ነው። ሪፖርቱ ላይ «አንድ ክሊክ ይህን ያህል» የሚለው ያወጣችሁትን ብር በተነካው ቁጥር አካፍሎ ነው። ቴሌግራምም በራሱ በኩል የሚሸጠው ማስታወቂያ ክፍያው በሺህ ዕይታ ነው። እኛ አገር ደግሞ የቴሌግራም ማስታወቂያ ሲባል ብዙ ጊዜ ከቻናል ባለቤት ጋር በቀጥታ ተደራድሮ ፖስት ማስለጠፍ ነው። እሱ ጨረታም የለው፣ ክሊክም የለው። ተከታዮቹ እውነተኛ ሰዎች ከሆኑ ጥሩ ነው። ካልሆኑ ግን ብራችሁን የምታስመልሱበት መንገድ የለም።

ከከተማው ዳር ሆኖ ማስታወቂያ ማሠራት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ ቦታ። ካቢኔት እስከ ገላን፣ ቂሊንጦ፣ ቢበዛ እስከ ሰሚት ወስዳችሁ ትገጥማላችሁ። ሱሉልታ ድረስ ግን የጭነቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው የሚታይበትን ክልል በካርታ ላይ ማጥበብ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የጉግል ቅንብር ሲከፈት ተመርጦ የሚገኘው በቦታው ያሉ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ለቦታው ፍላጎት ያሳዩትም አብረው ይገባሉ። አዲስ አበባን መርጣችሁ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ሆኖ ስለ አዲስ አበባ የሚፈልግ ሰው ሊነካላችሁ ይችላል። ለቤት ሻጭ ይህ ሲሳይ ነው፤ ዳያስፖራው ገዢ ነው። ሞተር ላይ ጭኖ ምሳ ለሚያደርስ ሰው ግን ከስሮ መመገብ ነው። በቦታው ያሉትን ብቻ የሚለውን ራሳችሁ ገብታችሁ መምረጥ አለባችሁ።

ቪፒኤንም አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። ሰዉ በቪፒኤን ነበር የሚገባው። ቪፒኤን የከፈተ ሰው ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብሎ ሆላንድ ወይም ሲንጋፖር ያለ ሊመስል ይችላል። ለቱሉ ዲምቱ ያላችሁት ማስታወቂያ ያን ሰው ላያገኘው ይችላል። መደብራቸውን በሙሉ አንድ የፌስቡክ ፔጅ ላይ የሠሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ የከፈሉትን ዋጋ ያውቁታል።

ሁለተኛው ጣጣ ቋንቋው ነው። ጉግል ላይ ማስታወቂያ የሚቆመው በቁልፍ ቃል ነው፤ ሰው ሲፈልገው ማስታወቂያችሁ እንዲወጣ የምትመርጡት ቃል ማለት ነው። አማርኛ ደግሞ ለቁልፍ ቃል አይመችም። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ»። የፀሐይ ኃይል ፓኔል የሚሸጥ ሰው ሦስቱንም፣ አራተኛውንም ማስገባት ይኖርበታል። ከዚያ «የ»፣ «በ»፣ «ዎች» ሲጨመር ቃሉ ሌላ ይሆናል። ብዙ ሰው ደግሞ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ ወይ ጭራሽ በእንግሊዝኛ ይፈልጋል። እሱንም ካላስገባችሁ ግማሹ ገበያ አመለጣችሁ። አንዳንዱ የአማርኛ ቃል ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ጉግል ራሱ «ፍለጋው አነስተኛ ነው» ብሎ ያቆመዋል።

ካቢኔት ለሚሠራ ሰው ከዚህም የባሰ አለ። ብዙዎች «ካቢኔት»ን «ካቢኔ» ይሉታል። ጉግል ቃላችሁን ሰፋ አድርጎ እንዲያዛምድ ከተዋችሁት፣ የከተማውን አዲስ ካቢኔ ሹመት የሚፈልግ ሰው የወጥ ቤት መደርደሪያችሁን ሊያገኝ ነው። ገርሞት ይነካዋል። እናንተ ትከፍላላችሁ። ሹመት ፈላጊውስ ምን አጠፋ? ለዚህ መድኃኒቱ አግላይ ቃላት ናቸው። «ሹመት»፣ «ሚኒስትር»፣ «ከንቲባ» የሚሉትን ካሉበት አታሳየኝ ብሎ መመዝገብ ይቻላል። «ቅጥር»ንና «ክፍት የሥራ ቦታ»ንም ጨምሩ፤ ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው። በየሳምንቱ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደነኩ የሚያሳየውን ዝርዝር ማየት ከሁሉም የሚበልጥ ሥራ ነው። ሰልቺ ነው። ብሩ የሚድነው ግን እዚያ ነው።

ሰዓትም አለ። ማስታወቂያው በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ሰዓቱን ስታስገቡ ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ 12 ብላችሁ እንዳለ ከጻፋችሁት፣ ማስታወቂያችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይተኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንድ ሥራ ከወጪ ቀሪ ስንት ያተርፋችኋል? ለካቢኔት 15,000 ብር ነው እንበል። ከነኩት 100 ሰዎች ስንቱ ያዛል? አንድ ብቻ እንበል። 15,000 ለ100 ሲካፈል 150 ብር ነው። ለአንድ ክሊክ ከዚያ በላይ ከከፈላችሁ ትከስራላችሁ፤ ክሊኩ 10 ብር ከሆነ ግን ትልቅ ትርፍ አለው። አሁን ያንኑ ለተማሪ ቦርሳ ሻጭ እናድርገው። ከአንድ ቦርሳ 200 ብር ያተርፋል። ከመቶ አንድ ቢገዛው ለክሊክ መክፈል የሚችለው ቢበዛ 2 ብር ነው። በ10 ብር ክሊክ እያንዳንዱ የሸጠው ቦርሳ 800 ብር ያከስረዋል። ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ ይከስራል። ይህ ሰው ገንዘቡን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሩ ቦታ ለመከራየት ቢያወጣው ይሻላል። ማስታወቂያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ሂሳቡ ስለማይገጥም ነው። ዳቦ ቤት፣ ጀበና ቡና፣ ሱቅ በደረቴ እንዲሁ ናቸው።

ከመቶ ስንቱ እንደገዛ ለማወቅ ደግሞ መቁጠር ያስፈልጋል። እኛ ጋ ሰው ፎርም አይሞላም፤ ይደውላል። ቀላል ዘዴ አለ። ማስታወቂያው ላይ ብቻ የሚወጣ ሌላ ሲም አውጡ። በ09 የምትታወቁ ከሆነ በ07 አውጡ። በዚያ ቁጥር የደወለ ሁሉ የማስታወቂያው ነው። ደብተር ላይ የደወለውንና ያዘዘውን መጻፍ ብቻ ነው የቀረው። ስልኩን የሚያነሳ ሰውም ይኑር። መጋዙ እየጮኸ ያልተሰማ ስልክ የተከፈለበት ስልክ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር መንካትም ክሊክ ነውና።

ገጹም እንደዚያው። ከዳር ሰፈር ኔትወርክ ጋር፣ በከባድ ፎቶ የተሞላ ድረ ገጽ ሳይከፈት ሰው ይመለሳል። ክሊኩ ግን ተቆጥሯል። ስምንት ሜጋ ባይት ፎቶ ከመጫን፣ ሦስት ቀለል ያለ ፎቶ፣ ዋጋ «ከዚህ ጀምሮ» ተብሎ፣ ስልክ ቁጥርና «ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ» የሚል አድራሻ ይበቃል። ጉግል ማፕ ላይ ሱቅን ማስመዝገብ ደግሞ በነፃ ነው። እሱን ሳያደርጉ ለክሊክ መክፈል አይገባኝም።

ከዶላሩ ማምለጫ የለም። ጨረታው በዓለም አቀፍ ገንዘብ ነው፤ ደንበኛችሁ የሚከፍለው በብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሥር ሳንቲም ዶላር የነበረ ክሊክ በዶላር አልተነካም፤ በብር ግን ከ6 ብር በታች የነበረው፣ ዶላሩ 130 ሲገባ 13 ብር ነው። ካቢኔቱን በእጥፍ ዋጋ የሚገዛችሁ አለ? ወረቀታችሁን ምንዛሪው በተለወጠ ቁጥር እንደገና ማስላት ነው።

ስለ ማጭበርበር ብዙ ይወራል። ተፎካካሪ ቁጭ ብሎ እየነካ ብር ሊያስጨርስባችሁ ይችላል። መድረኮቹ እንዲህ ያለውን ክሊክ ለይተው ላለማስከፈል ማጣሪያ አላቸው፤ ሁሉንም ግን አይዙም። ጉግል በዚሁ ጉዳይ ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2006 እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ለኔ የበለጠ የሚያሳስበው ግን የመድረኩ የራሱ ጉልበት ነው። ጨረታውን የሚያካሂደውም፣ ጥራት የሚሰጠውም፣ ክሊኩን የሚቆጥረውም፣ ሂሳቡን የሚልከውም አንድ አካል ነው። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን በተካሄደው የሞኖፖሊ ክርክር ላይ የጉግል የማስታወቂያ ኃላፊ የነበረው ጄሪ ዲሽለር፣ ድርጅቱ ለነጋዴዎች ሳይነግር ጨረታውን አስተካክሎ ዋጋ እስከ 5 በመቶ፣ ለአንዳንድ ፍለጋዎች ምናልባት እስከ 10 በመቶ ከፍ እንዳደረገ መስክሯል። በቀጣዩ ዓመት ዳኛ አሚት መህታ ጉግል በፍለጋ ገበያ ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ ነው ብለው ወሰኑ።

ስለዚህ መድረኩ «ይህን ብታደርግ ይሻላል» ብሎ ሲመክራችሁ ማን እንደሚጠቀም ጠይቁ። በጀት ጨምር የሚል ምክር በየጊዜው ይመጣል። የቀን በጀትም ቢሆን ጥብቅ ግድግዳ አይደለም። ጉግል በአንድ ቀን ካላችሁት እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ የማያልፈው በወር የቀኑ በጀት በ30.4 ተባዝቶ የሚመጣውን ነው። በቀን 200 ብር ያለ ሰው ጠዋት ተነስቶ 400 ብር ወጥቶ ቢያይ አይደንግጥ።

የመጨረሻው የካርዱ ነገር ነው። ብዙ ሰው የዶላር ካርድ ስለሌለው በብር ተቀብሎ ቡስት የሚያደርግለትን ልጅ ይፈልጋል። ይህ አገልግሎት በራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ አካውንቱ የልጁ ሲሆን ነው። የትኛው ቃል እንደሠራ፣ ስንት እንደወጣ፣ ማን እንደነካ የሚያሳየው መረጃ ሁሉ እሱ ጋ ይቀራል። «5,000 ብር ተቃጥሏል» ሲላችሁ ማረጋገጫችሁ የላከላችሁ ስክሪንሾት ብቻ ነው። ስለዚህ አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ። ጉግልም ሜታም ለሌላ ሰው የመሥራት ፈቃድ እንድትሰጡ ያስችላሉ። ካርዱን እሱ ያስገባ፣ ዋጋውንም በዕለቱ ምንዛሪ ከነኮሚሽኑ ለየብቻ ጽፎ ይንገራችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ልጅ ፈልጉ፤ ሞልቷል።